«የሠራው ሰው መቼ ነው የሚመጣው?»

ሰሞኑን አብሮ አደጌ በቴሌግራም ደወለልኝ። ቪዲዮ ነበር። ስልኬን የድሮ ስፒከር ወደሞላበት ጋራዤ ሳዞርለት ትንሽ ዝም ብሎ አየና፣ «አንተ፣ አሜሪካ ድረስ ሄደህ ቁራሌው ሆንክ እንዴ?» አለኝ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። አዲስ ስፒከር በየሱቁ ሞልቶ፣ የዛገ ማግኔት መልቀም ምን የሚሉት ነገር ነው?

እሺ፣ ልንገራችሁ።

የምሠራው የድሮ ዓይነት ትልልቅ ስፒከሮችን ነው። ሳጥኑን ከኮምፖርሳቶ እንደ አዲስ እሠራለሁ። ውስጡ የሚገባው ግን ኦሪጅናል ነው። ከተዘጋ ሲኒማ ቤት፣ ከሚፈርስ ቸርች ወይም ከሟች ጋራዥ የወጣ። ከሁሉ የምወደው አልቴክ ላንሲንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆቹ 1945 ለሲኒማ ቤቶች ያወጣው፣ «ቮይስ ኦፍ ዘ ቲያትር» የሚባለው ነው። ከታች ባለ 15 ኢንች ባስ፣ ከላይ የብረት ጥሩምባ። የዚያ ዘመን አምፕሊፋየር ጉልበቱ ትንሽ ስለነበር፣ ስፒከሩ በጥቂት ዋት አዳራሽ እንዲሞላ ተደርጎ ተሠራ። በ1 ዋት፣ ከአንድ ሜትር ላይ፣ 100 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል። ዛሬ መደርደሪያ ላይ የምናስቀምጠው ትንሹ ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ከ90 በታች ነው። 10 ዴሲቤል ለመጨመር ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ክራር ሲመታበት ጣት ገመዱን ሲለቀው ሳይቀር ትሰማላችሁ።

ማግኔቱም ሌላ ነው። አልኒኮ ይባላል፤ አሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት አለበት። ኮባልት በብዛት ይወጣ የነበረው ከኮንጎ ነው። በፈረንጆቹ 1978 እዚያው ኮንጎ፣ ካታንጋ ውስጥ ውጊያ ሲነሳ የኮባልት ዋጋ ጣራ ነካ፤ ስፒከር አምራቾችም ፌራይት ወደሚባለው ሌላ ማግኔት ዞሩ። ስለዚህ ፈረንጅ ደንበኛ «እውነተኛ የአሜሪካ ድምፅ» ሲለኝ ዝም አልልም፤ ግማሽ ጉልበቱ ከአፍሪካ አፈር የወጣ ነው እለዋለሁ።

ሙያውን እዚህ አልተማርኩትም። ያደግሁት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ የሚጣል ነገር የለም። ጎማው በረባሶ ይሆናል፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። የተቃጠለ ስፒከር ፈትቶ ኮይሉን በእጅ መጠምጠም ከልጅነቴ የማየው ሥራ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሰውዬ ጥንድ ስፒከር አዘዘኝ። በኢሜይል ለወራት ተጻጻፍን። ስለ እያንዳንዷ ካፓሲተር ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ሥራው ሲያልቅ ከእህቴ ልጅ ጋር ጭነን ወሰድንለት። በሩን ከፍቶ መጀመሪያ ያለን፣ «ግድግዳውን እንዳትነኩት» ነው። ተሸክመን አስገባን፣ አስቀመጥን። ሃያ ዶላር በእጄ አስጨበጠኝና፣ «የሠራው ሰው መቼ ነው የሚመጣው? ራሱ እንዲያስተካክለው እፈልጋለሁ» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ወሩ ነበር። አጠገቤ ቆሞ ያያል። እንግሊዝኛው ባይገባው በወደድኩ። ገብቶታል።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ጥንድ ስፒከር ነበረው። ባስ የላቸውም ብሎ በኢሜይል ሲያማርርባቸው የነበሩ ናቸው። ሃያ ዶላሩን ጠረጴዛው ላይ መልሼ፣ ከኪሴ ባትሪ ድንጋይ አወጣሁ። ፕላሱን ከየስፒከሩ ቀይ ማሰሪያ፣ ማይነሱን ከጥቁሩ ጋር ነካ አደረግሁት። የአንዱ ስፒከር የሚርገበገበው ወረቀት ወደ ውጭ ወጣ። የሌላው ወደ ውስጥ ገባ። አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ባሱን ያጠፉታል ማለት ነው። (የድሮ ጄቢኤል ከሆነ ጤነኛውም ፕላስ ቀዩን ሲነካ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ይህን ሳያውቁ ከሌላ ጋር የሚቀላቅሉ ብዙ ናቸው።) የአንዱን ሽቦ አዟዟርኩለት። ሙዚቃ ሲከፍት ባሱ ወለሉን አነቃነቀው። ይቅርታ ግን አላለኝም። «የት ነው የተማርከው?» አለ። ነገርኩት።

ፈረንጅን ብቻ አልወቅስም። የእኛም ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሥራዬን ይጠይቀኛል። እነግረዋለሁ። «እሺ፣ ዋናው ሥራህስ?» ይለኛል። ኡበር ስለው ይረጋጋል። እሱ ራሱ ለልጁ ልደት የሚገዛው መብራት የሚረጭ የፕላስቲክ ስፒከር በዓመቱ ይሞታል። ፈረንጁ ደግሞ ለስድሳ ዓመት ዕቃ ሺዎች ይከፍላል፤ የሠራው እጅ ግን ደጁ ላይ ሲቆም አያየውም።

ልትመጡ የምታስቡ፣ በተለይ የእጅ ሙያ ያላችሁ፣ ስሙኝ። ዲግሪ ያለው ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ እናንተም ባዶ እጃችሁን አትምጡ። ሥራችሁን በፎቶና በቪዲዮ አስቀሩ፤ ፊታችሁና እጃችሁ አብረው ይታዩ። የሠራችሁለት ሰው ማስረጃ ይጻፍላችሁ፣ ማኅተም ካለውም ያኑርበት። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መንዳት ወይም ማጽዳት አይቀርም፤ ኪራይ አይጠብቅም። ግን በሳምንት አንድ ቀን የብየዳ ካውያውን አንሱ። እጅ ሙያ ይረሳል፣ በእኔ ጓደኞች አይቻለሁ። ክፍያውን ደግሞ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ጨርሱ። እኔ አሁን መኪና ከማስነሳቴ በፊት ሳጥኑን ስገጣጥም የተነሳሁትን ፎቶ ለደንበኛው እልካለሁ፤ ከሥሩም «የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የማመጣውም እኔው ነኝ» ብዬ እጽፍበታለሁ።