በጎ ፈቃደኝነት የተስማማኝ በሒሳብ መዝገብ በኩል ነው

ኤንጂኦ እሠራለሁ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ደመወዙን ነው፤ ቀጥሎ አበሉን። አልፈርድም። ባሕር ዳር ላይ ስልጠና ሲጠራ አዳራሹን የሚሞላው ርዕሱ ሳይሆን አበሉ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሥራው ያስደስትሻል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ሰው ነው፤ መልሱም ረዘም ይላል።

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። በግል ድርጅት ስሠራ ወር በመጣ ቁጥር ሒሳብ መዝጋት፣ ግብር ማሳወቅ፣ በቃ። በዚያን ጊዜ በጎ ሥራ ሲባል የሚታየኝ እምቦጭ ነቀላ ነበር። አረሙ ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ያለውን ዳርቻ ለማጽዳት ስንቱ ወጥቷል። እኔም ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር በአውቶቡስ ፎገራ ወርጃለሁ። ሲጎትቱት ሥሩ ጭቃውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ከሚያዩት ይልቅ ይከብዳል፤ ማታ ወገብ አይቃናም። ስንመለስ ጭፈራው፣ ፎቶው ሌላ ነው። ደስታው የውሸት አልነበረም፤ ግን ሰኞን አይሻገርም። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ተነቅሎ የተከመረውም ከዳር ካልራቀ ክረምት ሲገባ ውኃው መልሶ ይወስደዋል። እኛ አውቶቡስ ላይ ስንወጣ ገበሬው እዚያው ነው። እኔም ተመልሼ የማየው፣ ሰዎቹን በስም የማውቅበት ነገር አማረኝ።

ወደ አንድ አገር በቀል ድርጅት ስሄድ «ምን ላግዛችሁ?» አላልኩም። እንደዚያ ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ወንበር ሲደረድርና ስም ሲመዘግብ ይውላል፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይጠፋል። «ሒሳብ እችላለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ነፃ ነኝ» አልኩ። ሐይቁ ዳር አሳ እየጠበሱ የሚሸጡ ሴቶች የቁጠባ ማኅበር ነበራቸውና ወደ እነሱ ላኩኝ።

ሣጥኑን ልንገራችሁ። ብረት ነው፤ ሦስት ቁልፍ ይቆለፍበታል፤ መክፈቻዎቹን ሦስት ሴቶች ተከፋፍለው ይይዛሉ፤ ሣጥኑ የሚያድረው ደግሞ አራተኛዋ ቤት ነው። አንዷ ከቀረች አይከፈትም። እያንዳንዷ ደብተር አላት፤ በቆጠበች ቁጥር ማኅተም ይመታላታል፤ ማንበብ የማትችለውም ማኅተሟን ትቆጥራለች። ከቁጠባው ይበደራሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ቁጠባውም ወለዱም በማኅተም ልክ ይከፋፈልና ከዜሮ ይጀመራል። እነዚህ ማከፋፈያውን መስከረም ላይ አድርገውታል፤ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛበት ነዋ።

በመጀመሪያው ማከፋፈያ ላይ ስልኬን አውጥቼ ሳካፍል አንዲት እናት ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እያንቀሳቀሱ ቆዩና «ልጄ፣ ስልክሽ ገና እያሰበ ነው?» አሉኝ። የእያንዳንዷን ድርሻ አስልተው ጨርሰዋል። ልክ ናቸው። «እማማ፣ ታዲያ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?» ብላቸው፣ «እኔ ሳሰላማ ለራሷ አዳላች ይሉኛል» አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። ማስላቱንማ እቁብና እድር ላይ ያደጉበት ነው። የቸገራቸው ሁሉም የሚያምነው ጽሑፍ ነው። በዚያው ቀን አንዷ ማኅተም ጎድሎብኛል ብላ ተነሳች፤ ድምፅም ከፍ አለ። መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጠን ስናይ አዲስ ደብተር ስትቀይር ያለፈው ድምር አልተዛወረም። ተስተካከለ። ቁጥሯን አይታ «በቃ እታለም፣ ይቅር በይኝ» ብላ ጸሐፊዋን አቀፈቻት። በግል ድርጅት በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ ያገኘሁት የሒሳብ ልዩነት ሰው አስተቃቅፎ አያውቅም።

አበል አልቀበልም። የተጠበሰ ቆሮሶ አሳ ግን እበላለሁ። (በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም።)

ቆይቶ ድርጅቱ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ሲከፈት ተወዳድሬ ገባሁ። ደመወዜ ቀነሰ፤ ኮንትራቱም ከፕሮጀክቱ ጋር ያልቃል። መግባት የሚፈልግ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪውን አስቀምጦ ይግባ፤ ፈንድ ሲዘገይ ፍቅር የቤት ኪራይ አይከፍልም። የቢሮው ሥራ ራሱ ደረሰኝ ማሰስና የሩብ ዓመት ሪፖርት ነው፤ እሱ ያረካኛል ብዬ አላታልልም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ የእኔ ደመወዝ ያለው እዚያች 20 ውስጥ ነው። ስለዚህ የማያስፈልግ የሆቴል ስብሰባ ሲታቀድ ዝም ማለት ይከብደኛል፤ አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እንነጋገራለን፣ እንኮራረፋለን። ቅዳሜን ያልተውኩትም ለዚህ ነው። ሪፖርቱ ላይ «የተጠቃሚ ብዛት» የምትለዋ ረድፍ ለእኔ ፊት አላት፤ ቁጥሩን ስጽፍ ማን ሣጥኑን እንደምታሳድር አውቃለሁ።

ሌላው የተማርኩት ቅዳሜን ከስልክ ጥሪ መጠበቅ ነው። ጠዋቱን ብቻ እሰጣለሁ፤ ከሰዓት የቤተሰቤ ነው። መጀመሪያ ላይ ለለቅሶውም ለሰርጉም ስጠራ እሮጥ ነበር፤ ባለቤቴ ነው «አንቺ ማኅበርተኛ ሆንሽ እንዴ?» ያለኝ።

አሁን የማኅበሩን መዝገብ የምትይዘው የአንዷ አባል ልጅ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ትማራለች፤ ቁጥር አጻጻፏ ከእኔ ያምራል። እኔ የምሄደው ወር ሲያልቅ ለማመሳከር ብቻ ነው። በዘጌ በኩል ያሉ ሴቶች ሰምተው ለእኛም ነይልን ብለዋል። እሺ ብያለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠይቄያለሁ፦ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ብዕሩን የምትይዝ የራሳቸው ልጅ አጠገቤ ትቀመጥ። እየመረጡ ነው።