ቀን ያልተቆረጠለት ትኬት ለጎንደር ደጋፊ

የዓመት ትኬት የሚሸጥ ክለብ ከሁሉ በፊት አንድ ቃል ይገባል፤ በዚህ ዓመት በሜዳዬ ይህን ያህል ጨዋታ ታያላችሁ ይላል። ለጎንደር ደጋፊ ይህ ቃል አስቸጋሪ ሆኗል። አፄዎቹ፣ ማለትም የከተማዋ ክለብ ፋሲል ከነማ፣ ዋንጫውን ካነሱበት ከ2013 ዓ.ም. ውድድር ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ መካሄድ ስለጀመሩ፣ የሜዳ ጨዋታን በእርግጠኝነት ቆጥሮ መሸጥ አይቻልም። ስለዚህ የደጋፊዎች ማህበርም ሆነ ክለቡ ጥቅል ትኬት ለመሸጥ ካሰቡ፣ እኔ የምመክረው ቀን ያልተቆረጠለትን ነው። ለሊግም፣ ለወዳጅነት ጨዋታም፣ ለታዳጊ ቡድንም ይሆናል።

አሠራሩ በካናዳ የታዳጊዎች የበረዶ ሆኪ ውስጥ የተለመደ ነው። እዚያ ከ16 እስከ 20 ዓመት ያሉ ልጆች በሚጫወቱባቸው በኦንታሪዮና በምዕራብ ካናዳ ሊጎች እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው ውድድር 68 ጨዋታ ያደርጋል፤ 34ቱ በሜዳው ናቸው። ከቡድኖቹ መካከል እንደ ስዊፍት ከረንት ያሉ፣ ነዋሪያቸው 17 ሺህ ገደማ የሆነ ትናንሽ ከተሞች ይገኛሉ። እዚያ 34ቱንም ጨዋታ የሚከታተል ሰው ጥቂት ነው። ለቀረው ሕዝብ ክለቦች ቀን ያልተጻፈባቸው ኩፖኖችን በአንድ ላይ ይሸጣሉ። ገዢው ከፈለገ አሥሩን በአሥር ጨዋታ፣ ከፈለገ ራሱን ጨምሮ አምስት ሰው ሆኖ በሁለት ጨዋታ ይጨርሳቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ለጥሎ ማለፍ ግን አያገለግሉም፤ ቡድኑ እዚያ ይድረስ አይድረስ፣ በሜዳውስ ስንት ጊዜ ይጫወት አስቀድሞ ስለማይታወቅ ያ ለብቻው ይሸጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኩፖኑ በር ላይ አያስገባም። አስቀድሞ በትኬት ቢሮ በዚያ ቀን ትኬት መቀየር አለበት። በጨዋታው ቀን ቦታ ካለቀ ኩፖን የያዘውም እንደማንኛውም ሰው ይመለሳል። ይህን በጥቅሉ ሽፋን ላይ በትልቁ ያልጻፈ ሻጭ በመጀመሪያው ትልቅ ጨዋታ ከደጋፊው ጋር ይጣላል።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የበር ዋጋው 100 ብር ነው እንበል። አሥር ኩፖን በ15 ከመቶ ቅናሽ 850 ብር ይሆናል። አንዱ ሳይሠራበት ቢቀር እያንዳንዱ የታየ ጨዋታ 94 ብር ከ44 ሳንቲም ወጣበት ማለት ነው፤ አሁንም ትርፍ አለው። ሁለት ቢባክን ግን 106 ብር ከ25 ሳንቲም ይመጣል፤ በር ላይ ቆርጦ የገባው ሰው ይሻለዋል። ስድስት ኩፖን በ10 ከመቶ ቅናሽ 540 ብር ነው፤ ከዚህ አንድ ብቻ ቢባክን እንኳ የአንዱ ዋጋ 108 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ትንሹ ጥቅል ርካሽ ይመስላል እንጂ ስህተትን አይችልም። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለሚመጣ ሰው አሥር ጨዋታ ስለሚበዛበት፣ ጥቅሉን ከሁለትና ከሦስት ጓደኛ ጋር ተካፍሎ መግዛት ያዋጣዋል። ለተማሪውም እንደዚያው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ኩፖኑ አብሮት አገር ቤት ይሄዳል።

ለሻጩ አደገኛው ነገር ሁሉም በአንድ ቀን መምጣቱ ነው። አንድ ሺህ ጥቅል ተሸጠ ማለት አሥር ሺህ ኩፖን ሕዝብ እጅ ገባ ማለት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም ባህር ዳር ከተማ ሲመጣ ግማሹ እንኳ ቢወጣ፣ ከከተማ ከሚመጣው የበር ገዢ ጋር ተደምሮ መግቢያው ይጨናነቃል። መፍትሔው ሁለት ነው። ለአንድ ጨዋታ የሚቀየረውን የኩፖን ብዛት አስቀድሞ መወሰንና ቁጥሩን ማስታወቅ፤ እንዲሁም ከአንድ ጥቅል በአንድ ጨዋታ ከአራት በላይ አለመቀየር። ሁለተኛው ገደብ ትኬት አትራፊዎችንም ያቀዘቅዛል፤ በቅናሽ የተገዛ አሥር ኩፖን በደርቢ ቀን በር ላይ በእጥፍ ሲሸጥ የሚጎዳው ክለቡም ደጋፊውም ነው። ቅያሬው ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ በዋዜማው ማታ 12 ሰዓት ቢዘጋ ጥሩ ነው። ጨዋታው 9 ሰዓት ሆኖ ሰባት ሰዓት ላይ ቅያሬ የሚሠራ ቢሮ ሰልፉን ወደ መንገድ ያወጣዋል።

ኩፖኑ እንደ ደረሰኝ ቀሪና በራሪ ይኑረው፤ ሁለቱም ላይ አንድ ተከታታይ ቁጥር ይታተም። ሲቀየር በራሪው ይቀደድና ቁጥሩ ከመዝገብ ይሰረዝ። በሙቀት በሚሠራው በትንሹ የደረሰኝ ማተሚያ አታትሙት፤ ያ ወረቀት ፀሐይና የኪስ ሙቀት ሲነካው ይደበዝዛል፣ ላሚኔት ሲደረግ ደግሞ ከነጭራሹ ይጠቁራል። ጥቅምት ላይ የተገዛ ኩፖን ግንቦት ላይ መነበብ አለበት። ማህተሙ ከፊሉ በራሪው ላይ ከፊሉ ቀሪው ላይ እንዲያርፍ ቢመታ አስመስሎ የሠራውን ለመለየት ይቀላል።

በስልክ የሚታይ ባለ ኪውአር ትኬትም ይቻላል፤ ችግሩ ግን ሰው በብዛት በተሰበሰበበት ኔትወርክ መሞቱ ነው። የዕለቱ ዝርዝር ጠዋት በፈታሾቹ ስልክ ላይ ወርዶ ያለ ኔትወርክ መሥራት አለበት። ሁለት በር ካለ ግን ዝርዝሮቹ አይነጋገሩም፤ አንዱ ኮድ ፎቶ ተነሥቶ ለጓደኛ ከተላከ በሁለቱም በር ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ከ1 እስከ 500 ያለው በአንዱ በር፣ የቀረው በሌላው ብሎ በቁጥር መክፈል ይበጃል። ቀላል ነገር ናት፣ ብዙ ጭቅጭቅ ግን ታስቀራለች።

የአገልግሎት ማብቂያውን ስትጽፉ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፋችሁ «ዓ.ም.» ጨምሩ። በቁጥር ብቻ 10/10/18 ተብሎ ከተጻፈ አንዱ ሰኔ ነው ሲል፣ ስልኩን የሚያየው ደግሞ ኦክቶበር ይላል። ከውጭ አገር ለቤተሰብ የሚገዛ ሰው ሲኖር ይህ መምታታት ይብሳል።

ጨዋታው ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረስ? ለዚህ ሕጉ ከሽያጩ በፊት መጻፍ አለበት። እኔ ትክክል ነው የምለው ይህን ነው፤ እስከ ማብቂያው ቀን በጎንደር የተደረጉት ጨዋታዎች ከጥቅሉ ኩፖን ቁጥር ካነሱ፣ በጎደለው ልክ ያልተሠራባቸው ኩፖኖች ገዢው በከፈለበት ዋጋ ይመለሱ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት ይሻገሩ፤ ምርጫው የገዢው ይሁን። ለዚህም ክለቡ የጥቅሉን ገንዘብ እንደተቀበለ ማውጣት የለበትም። በተለየ ሒሳብ አስቀምጦ ኩፖን ሲቀየር ብቻ በየጨዋታው ወደ ገቢ ያዙር። ከላይ ባለው ምሳሌ አንድ ሺህ ጥቅል 850 ሺህ ብር ነው፤ አምስት ጨዋታ ብቻ ተደርጎ ከየጥቅሉ አምስት አምስት ኩፖን ቢቀር የሚመለሰው 425 ሺህ ይሆናል።

ለዘመድ በቴሌብር የሚገዛ ሰው የግብይት ቁጥሩን ይያዝ፤ ሻጩም ከጥቅሉ ቁጥር ጎን ይጻፈው። ጥቅሉ የሚመዘገበው በከፋዩ ስም ሳይሆን በሚገባው ሰው መታወቂያ ላይ ባለው ስም ይሁን። ካልሆነ አዘዞ ያለው ወንድም ትኬት ቢሮ ቆሞ ቶሮንቶ ያለችውን እህቱን በእኩለ ሌሊት በስልክ ይቀሰቅሳታል።