ወጣቶቹ ምክር ጠግበዋል

ሥራዬ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ወጣቶችን ክሊኒክ ውስጥ ማማከር ነው። ማማከር ይባል እንጂ አብዛኛውን ሰዓት የምሰማው እኔ ነኝ። ምክሩንማ ጠግበውታል። «መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ» ሲባል ያደገ ልጅ፣ እኔም ብደግምለት ራሱን ነቅንቆልኝ ይሄዳል። ክኒኑ ግን ብልቃጡ ውስጥ ይቀራል።

የምከተለው ዘዴ በእንግሊዝኛ «ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ» ይባላል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊሊያም ሚለር በ1983 እ.ኤ.አ. ጽፎ አስተዋወቀው፤ በኋላ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር አዳበሩት። መነሻው መጠጥ ለበዛባቸው ሰዎች ነበር። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ ሰውን የሚያነሳሳው እኔ የደረደርኩለት ምክንያት ሳይሆን ከራሱ አፍ የወጣው ነው።

አንዲት ወጣት የቫይረስ መጠኗ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1000 በላይ ሆኖ መጣች፤ ቫይረሱ አልተገታም ማለት ነው። ዓይኗን ከስልኳ አልነቀለችም። «መድኃኒቱን በየቀኑ መውሰድ ላንቺ ምን ያህል ያስፈልጋል? ከ0 እስከ 10 ስጪው» አልኳት።

«4።»

ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ለምን 10 አልሆነም?» ይላል። እንዲህ ሲባል ማመካኛ መደርደር ይጀመራል። እኔ ወደ ታች ነው የምጠይቀው። «ለምን 1 አላልሽም?»

ዝም አለች። እኔም ዝም። ከሥራው ሁሉ ይሄ ነው የሚከብደው፤ አፍ ይበላል።

«ጓደኛ አለኝ» አለች በመጨረሻ። «በኔ ምክንያት እንዲያዝ አልፈልግም፣ ሲስተር።»

«ስለሱ የማውቀውን ልንገርሽ?» ብዬ አስፈቀድኳት። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ደርሶ እዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም። እስከዚያ ኮንዶም ግድ ነው። ነግሬያት ስጨርስ ምን እንደተሰማት ጠየቅኳት። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ የገባው ያኔ ነው።

ችግሩ እሷ ዘንድ መርሳት አልነበረም። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች የክኒኑን ኮሽታ እንዳይሰሙ ነው። «ጥጥ እጎሰጉስበታለሁ፣ ጠዋት እነሱ ሳይነሱ እውጣለሁ» አለች። ዶሉቴግራቪር የሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ያለበት የቀን አንዴ ክኒን ጠዋትም ማታም ይወሰዳል፤ ዋናው ሰዓቱን ማክበር ነው። ጥጡን እኔ አላስበውም ነበር።

የተማርኩትን ልጨምር። ወላጅ ክፍሉ ውስጥ ካለ ስለ ወሲብና ስለ መጠጥ እውነቱ አይወጣም፤ ስለዚህ ብቻቸውን የምናወራበት ጊዜ ይኑር። ስለ ምስጢር ስናወራም ገደቡን ቀድሞ መናገር ይሻላል፦ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከመጣ ዝም አልልም። ማስፈራራት ደግሞ ከቀጠሮ ያስቀራል እንጂ ክኒን አያስውጥም።

ወሬ የማይፈታውም አለ። የሚበላ ያጣ፣ ቤት ውስጥ የሚደበደብ ወይም በድብርት ከአልጋ መነሳት ያቃተው ልጅ «ከ0 እስከ 10» ቢባል ምን ይጠቅመዋል? እሱን ወደሚረዳው ክፍል ይዤው እሄዳለሁ፤ ወረቀት ጽፌ ብቻ አልሰድም። በትክክል እየዋጠ የቫይረሱ መጠን ከ3 ወር በኋላ በሚደረገው ምርመራም ካልወረደ፣ ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዶ እንደሆነ ሐኪሙ ማየት አለበት። ልጁን «አትወስድም» ብሎ መጨቅጨቅ እዚህ ላይ ማብቃት አለበት።