ቅዳሜ በጊያንኩር፦ ኤስተር ሄንዘላይትን ለማየት

በኦሊምፒክ ሰሞን ፓሪስ ውስጥ መኝታ መፈለግ ትዕግሥትን ክፉኛ ይፈትናል። ከፍራንክፈርት በባቡር የሚፈጀው አራት ሰዓት ያህል ስለሆነ መንገዱ አያነጋግርም፤ መስኮት ለሌለው ክፍል በሌሊት 160 ዩሮ መክፈሌ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። ይባስ ብሎ የአልጋዬ ራስጌ ከአሳንሰሩ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ በመሆኑ፣ እንግዳ በወጣና በወረደ ቁጥር ዓይኔን ሳልከድን ነጋ። የአንድ ጉዞ የሜትሮ ትኬት እንኳ ለውድድሩ ሲባል ከ2.15 ወደ 4 ዩሮ ተሰቅሎ ነበር።

ቀኑ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የወንዶች ማራቶን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከፓሪስ ተነሥቶ በቬርሳይ ያልፋል፤ የሴቶች ጎልፍ የመጨረሻ ቀን ውድድር ደግሞ ከቬርሳይ እምብዛም በማይርቀው ጊያንኩር፣ ለ ጎልፍ ናሲዮናል በተባለው ሜዳ ይካሄዳል። ለማራቶኑ መሄዴ ምክንያት አያስፈልገውም። ወደ ጎልፉ የሳበችኝ ኤስተር ሄንዘላይት የተባለች የ25 ዓመት ጀርመናዊት ስትሆን፣ የሥራ ባልደረቦቼ ስሟን ደጋግመው ሲያነሡ ሰምቼ ከዓመት በላይ ውጤቷን ስከታተል ቆይቻለሁ።

ሯጮቹ በቬርሳይ ባለፉባት አጭር ጊዜ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ በፀሐይ የፍተሻ ሰልፍ። ታምራት ቶላ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ማሸነፉን የሰማሁት ሰልፉ ላይ ቆሜ በስልክ ነው፤ በመጀመሪያ በተጠባባቂነት ተይዞ የነበረ ሯጭ፣ በተጎዳው በሲሳይ ለማ ፈንታ ገብቶ ወርቅ አመጣ። ይህን ሰምቶ ወደ ጎልፍ ሜዳ መግባት ከሠርግ ቤት ወጥቶ ቤተ መጻሕፍት እንደ መግባት ነው። አስተናጋጆቹ እጃቸውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ትንፋሹን ይውጣል፤ እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም።

ሄንዘላይትን ያገኘኋት ከሰዓት በኋላ፣ ከሜዳው ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ነው። የጀርመን ባንዲራ ጉንጫቸው ላይ የሳሉ አንዲት አሮጊት ብቻዬን ፀሐይ ላይ መቆሜን አይተው ከጃንጥላቸው ሥር ቦታ ሰጡኝ፤ ከኦልደንቡርግ መምጣታቸውን ነገሩኝ። ሄንዘላይት የተወለደችባት ቫሬል ከከተማቸው ቅርብ ስለሆነች እንደ ሠፈራቸው ልጅ ነው የሚያወሩላት። ልጅቷ በሃምቡርጉ የፋልክንሽታይን ክለብ ተጫውታ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ወደ ሙያዊ ጨዋታ መግባቷን፣ ዓመቱንም ሙሉ ለድል ተቃርባ ስትመለስ መክረሟን አጫወቱኝ። ያ ዓመት የተዘጋው በጎረቤታችን በኬንያ፣ ከሞምባሳ በስተ ሰሜን በሚገኘው በቪፒንጎ ነው፤ በመጨረሻው ቀን በ64 ምት ጨርሳ (በጎልፍ የሚያሸንፈው በትንሹ ምት የጨረሰ ነው) ሕንዳዊቷን አዲቲ አሾክን በአንድ ምት ስትበልጥ፣ የመጀመሪያ ዋንጫዋን ብቻ ሳይሆን የአውሮፓ ሴቶች ውድድር የዓመቱን አንደኝነትና የምርጥ ጀማሪነትን ሽልማት በአንድነት ወሰደች። አሮጊቷ ስለ ሶፊያ ፖፖቭም አነሡ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በስኮትላንዱ የሮያል ትሩን ሜዳ የብሪታኒያን የሴቶች ኦፕን ስታሸንፍ ከዓለም 304ኛ እንደነበረች፣ ከታላላቆቹ ውድድሮች አንዱን በማሸነፍም የመጀመሪያዋ ጀርመናዊት እንደሆነች ሲናገሩ ኩራታቸው ከፊታቸው ይነበባል።

ሄንዘላይት ቀኑን የጀመረችው ከመሪዎቹ በ7 ምት ርቃ ስለነበር ማንም ለሜዳሊያ አልቆጠራትም። የኒውዚላንዷ ሊዲያ ኮ ግን በ13ኛው ጉድጓድ ኳሷን ውኃ ውስጥ ከትታ ሁለት ምት ስታጣ፣ ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። ሄንዘላይት የመጨረሻዎቹን ሁለት ጉድጓዶች ከተመደበላቸው ምት በአንድ አንድ አሳንሳ በ66 ጨረሰች፤ የአራቱ ቀናት ድምሯም ከፓር፣ ማለትም ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት፣ በ8 ያነሰ ሆነ። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነው። ሩጫ ውስጥ ተፎካካሪህን ጀርባው ላይ ደርሰህ ታልፈዋለህ፤ እዚህ ግን ሥራዋን የጨረሰች ልጅ፣ ሌላዋ በዱላዋ የምታደርገውን ቆማ ከመመልከት በቀር ምንም ማድረግ አትችልም። ይህ ለእኔ ጭካኔ ነው። ኮ የመጨረሻውን ጉድጓድም በአንድ ምት አሳንሳ ከፓር በታች በ10 አሸነፈች፤ ከሪዮ ብርና ከቶኪዮ ነሐስ በኋላ ወርቁም ተጨመረላት። የቻይናዋ ሊን ሺዩ ነሐሱን ወሰደች።

አሮጊቷ አቅፈውኝ አለቀሱ። በኦሊምፒክ ጎልፍ ጀርመን ከዚያ በፊት አንድም ሜዳሊያ አልነበራትም፤ በዙሪያችን የነበሩት ጀርመናውያን ሁሉ ወርቅ ያገኙ ያህል ይዘላሉ። እኔ ከአጭር ርቀት ስለሳቱ ኳሶች አስቤ ስቆጭ «ምን ሆነሃል?» አሉኝ። «እኛ ዘንድ ብር ያመጣ ሯጭ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ለምን እንደተቀደመ ነው» ብል በጣም ሳቁ። በማግስቱ ጠዋት ትዕግሥት አሰፋ በ2:22:58 ገብታ በሦስት ሴኮንድ ስትቀደም፣ በስልክ ያነጋገርኳቸው ወዳጆቼ ሁሉ ያወሩኝ ስለ ሦስቱ ሴኮንድ ብቻ ነበር፤ እኔም ከእነሱ አልተለየሁም።

ወደ ከተማ መመለሱ ረጅም ነበር፤ የደረስኩት በጣም መሽቶ ነው።

ሄንዘላይት በሳምንቱ በስኮትላንድ፣ ዳንዶናልድ ላይ ከአሜሪካዊቷ ሎረን ኮግሊን ቀጥላ እንደገና ሁለተኛ ወጣች፤ በዚያው መስከረም ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአውሮፓ ቡድን ተሰልፋ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ሴቶች ቡድኖች በሚገጥሙበት በሶልሃይም ዋንጫ ለመጫወት ወደ ቨርጂኒያ ተጓዘች። አሌክሳንድሪያ ለሚኖረው የአጎቴ ልጅ ደውዬ፣ ሜዳው ከቤቱ ሩቅ ስላልሆነ ሄዶ እንዲያይልኝ ብለምነው፣ ሰው ለማይሮጥበት ውድድር ነዳጅ አላቃጥልም አለኝ።