ክሬዲቱ ለሥራው አይደለም

የኢንተርንሺፑን (የሥራ ልምምዱን) ማጠቃለያ ጽሑፍ ዛሬ አስረከብኩ። ሰመስተሩን ሙሉ ሲብላላብኝ የቆየ ነገር ስላለ ሳይረሳኝ ልጻፈው።

የምማረው ሚኒሶታ፣ አንዲት ትንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ትምህርቴ ታሪክ ነው። እንዲህ ያሉ ኮሌጆች ተማሪን ለአንድ ሙያ ብቻ አያሰለጥኑም፤ ታሪኩንም ፍልስፍናውንም ሳይንሱንም እየነካካ ማሰብና መጻፍ እንዲማር ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ ለኢንተርንሺፕ ክሬዲት፣ ማለትም ለመመረቅ የሚቆጠር የትምህርት ነጥብ፣ ይሰጥ ሲባል ፊታቸው ቅጭም የሚል መምህራን አሉ። ቢሮ ውስጥ ወረቀት ማገላበጥ እንዴት ከአንድ የፍልስፍና ኮርስ እኩል ይቆጠራል ነው የሚሉት። ተገቢ ጥያቄ ነው።

እኛ ጋ ክሬዲቱ የሚሰጠው ለሥራው አይደለም። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ምን ለመማር እንዳሰብኩ፣ ምን እንደማነብና ምን እንደምጽፍ የሚገልጽ ስምምነት አዘጋጀሁ። እኔ፣ መምህሬና የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፈረምንበት። ከዚያ በየሳምንቱ ማስታወሻ መጻፍ፣ ከመምህሬ ጋር መወያየት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ረጅም ጽሑፍ ማቅረብ ነው። ኤ ወይም ቢ የለውም፣ ማለፍ ወይም መውደቅ ብቻ።

የሠራሁት ሴንት ፖል ውስጥ ስደተኞችን በወረቀት ጉዳይ በሚያግዝ ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ስልክ አነሳለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ አማርኛ ተናጋሪ ሲመጣ አስተረጉማለሁ። ከሚመጡት ትልልቅ ሰዎች ብዙዎቹ መታወቂያቸው ላይ ያለው የልደት ቀን ጃንዋሪ 1 ነው። ማስታወሻዬ ላይ እንዲሁ በአንድ መስመር ጠቅሼው አለፍኩ። መምህሬ ግን ጠርዙ ላይ "ቀኑን የወሰነው ማነው?" ብላ ጻፈችበት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሌላ ሥራ ሆነብኝ። አንዲት እናት "ልጄ፣ እኔማ የተወለድኩት የታኅሣሥ ግርግር ዓመት ነው፣ ለሚካኤል ዋዜማ" አሉኝ። ቀናቸውን በደንብ ያውቁታል። ቅጹ ግን እንዲህ ያለ እውቀት የሚጻፍበት ቦታ የለውም። የሆነ ቦታ፣ የሆነ መዝጋቢ ቀኑን ሲያጣው ጃንዋሪ 1 ብሎ ሞልቶታል። በዚያ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ አለ። የእኛው 1953 እንዳለ ተገልብጦ ከተጻፈ ሰውየውን ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል፣ ሁለቴ ከተሰላ ደግሞ ያሳንሰዋል። ይሄ ቀልድ አይደለም። እዚህ አገር ሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ቀደም ብሎ መውሰድ የሚቻለው ከ62 ዓመት ጀምሮ ነው፣ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ደግሞ በ65 ነው። ወረቀት ላይ ያነሰ ሰው ጉልበቱ እየከዳው ዓመታት መጠበቅ ሊኖርበት ነው።

ማጠቃለያዬን የጻፍኩት ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ መሆኑን፣ ከዚያ በፊት የብዙ ሰው ዕድሜ የሚታወቀው በቤተ ክርስቲያን፣ በጎረቤትና በአገር ክስተት መሆኑን፣ አንድ ሰነድ ሲታይ ከጀርባው ያለውን መዝጋቢም ማየት እንደሚያስፈልግ። ክሬዲቱ ባይኖር ቅጹን ሞልቼ "ቀጣይ" እል ነበር። ያቺ የጠርዝ ላይ ጥያቄ ናት ትምህርት ያደረገችው። ይህን ክሬዲት አይገባውም የሚለኝ መምህር ካለ ጽሑፌን ሰጥቼው ቁጭ ብለን ብንነጋገር ደስ ይለኛል።

ነገሩም አዲስ አይደለም። ኦሃዮ ያለው አንቲዮክ ኮሌጅ ሥራንና ትምህርትን ማፈራረቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በ1932 የተከፈተው የቬርሞንቱ ቤኒንግተን ደግሞ ተማሪዎቹን በየዓመቱ በብርዱ ወራት ከግቢ ውጭ ያሠራል። ሁለቱም ሊበራል አርትስ ናቸው።

ለውጭ አገር ተማሪዎች በሚሰጠው በኤፍ-1 ቪዛ ለምንማር ደግሞ ክሬዲት ከዚህም በላይ ነው። እንዲሁ ተነስተን ከግቢ ውጭ መሥራት አንችልም። ሲፒቲ የሚባለው ፈቃድ የሚገኘው ሥራው የትምህርቱ አካል ሲሆን ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ከተማሩ በኋላ። ፈቃዱ አይ-20 በሚባለው የተማሪነት ሰነዳችን ላይ ሳይሰፍር አንድ ቀን እንኳ መጀመር አይቻልም። ኮሌጁ ለኢንተርንሺፕ ኮርስ ከሌለው አሜሪካዊው ጓደኛችን ዘው ብሎ በሚገባበት በር እኛ በሲፒቲ ማለፍ አንችልም ማለት ነው።

የሚያናድደኝ የበጋው፣ እዚህ ሰመር የሚሉት የረጅሙ እረፍት ጉዳይ ነው። በሰመስተሩ ክሬዲቱ ከመደበኛው የትምህርት ክፍያ ጋር ይታሰባል። በበጋ ግን ለብቻው ይከፈልበታል። ሌላ ኮሌጅ የምትማር ጓደኛዬ ደመወዝ የሌለው ኢንተርንሺፕ አገኘች፣ ቀጣሪው ደግሞ ክሬዲት ካላመጣሽ አልቀበልሽም አላት። ብዙ ቀጣሪዎች እንዲህ የሚሉት ወደው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በ2018 ደግሞ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ፣ ተለማማጅ ደመወዝ ይገባዋል ወይ የሚለው ሲመዘን ከሚታዩት ሰባት ነጥቦች አንዱ ሥራው ከትምህርቱ ጋር ያለው ትስስር መሆኑን አስቀምጠዋል። ክሬዲት ብቻውን ቀጣሪውን ነፃ አያወጣም፣ ግን መከታ ይመስላቸዋል። የመከታውን ዋጋ የከፈለችው ጓደኛዬ ናት።

ለእማዬ በስልክ ነገርኳት። ወንድሜ አዲስ አበባ ኢንጂነሪንግ ሲማር ኢንተርንሺፕ ስለወጣ ነገሩ አይገርማትም። ይሄኛው ግን ገረማት። "ሠርታ፣ ደመወዝ ሳትቀበል፣ ጭራሽ እሷው ትከፍላለች?" አለችኝ። አዎ፣ እሷው ትከፍላለች። ከፍላ መሥራት የማትችለው ደግሞ በጋውን ካፌ ውስጥ ታሳልፋለች፣ ሲቪዋም ባዶ ይሆናል። ዋይት ሐውስ እንኳ ለተለማማጆቹ መክፈል የጀመረው ገና በ2022 ነው።

የመምህራኑም ነገር አለ። ማስታወሻዬን በየሳምንቱ አንብባ የምትመልስልኝ መምህሬ ለዚህ የተለየ ክፍያ የላትም፣ ከማስተማር ጫናዋም አይቀነስላትም። ይሄ ሁሉ የሚሆነው በእሷ ደግነት ነው፣ በደግነት ብቻ ደግሞ ለሁሉም ተማሪ አይዳረስም።

ለዲኗ ደብዳቤ እየጻፍን ነው። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ደመወዝ ለሌለው የበጋ ኢንተርንሺፕ የክሬዲት ክፍያ እንዲቀር፣ ተማሪ የሚከታተሉ መምህራን ደግሞ ሰዓታቸው እንደ ማስተማር እንዲቆጠርላቸው። መምህሬ ሁለተኛውን ስታነብ ዝም አለችና መጀመሪያ የበጋውን አስቀድሙ አለችኝ። አስቀድመነዋል።