የሽጉጥ ካሊበርና የበርሜል ልወጣ፦ እስካሁን የተደረሰበት

የልኬት ሰንጠረዥ አይቼ የሽጉጥን በርሜል ቀይሮ ሌላ ካሊበር (የጥይት ልክ) ለመጠቀም የትኛው በርሜል ለየትኛው ስላይድ (በርሜሉን የሚሸፍነው፣ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚሄደው የላይኛው ክፍል) እንደሚሆን መለየት ስለቻልኩ ደስ ብሎኛል፤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ለመሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ነገሩ እዚህ በንባብና በልኬት ይቆያል።

መነሻውን በአጭሩ ልለፈው። የማካሮቭ 9×18 እና የፓራቤለም 9×19 ጥይት (ቁጥሮቹ የጥይቱ መጠሪያ ስፋትና የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር ናቸው) ሁለቱም «ዘጠኝ» ቢባሉም አይለዋወጡም። የማካሮቭ አረር ስፋቱ 9.27 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፓራቤለሙ 9.02 አካባቢ። የጋዝ ግፊታቸው ጣሪያም 1600 እና 2350 ባር ነው። የማካሮቭ ሽጉጥ ደግሞ በርሜሉ ከአካሉ ጋር በፒን የታሰረ ስለሆነ ለመቀያየር አልተሠራም።

ትልቁ ፈተና ለ.40 ኤስ ኤንድ ደብሊው (ከ9×19 ወፈር ያለ የሽጉጥ ጥይት) የተሠራን ሽጉጥ ወደ 9×19 መለወጥ ነው። ሁሉም ስለ በርሜል ያወራል፤ ችግሩ ያለው ግን የቀለሁ ግርጌ ላይ ነው። የ.40 ግርጌ 10.77 ሚሊ፣ የ9×19 ደግሞ 9.96 ሚሊ ነው። ቶርኖ ላይ የምትውሉ የአዳማ ልጆች 0.8 ሚሊ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ጠባቡ ግርጌ በሰፊው ስላይድ ላይ ስለሚላላ ማውጫው ጥፍር አጥብቆ አይነክሰውም፤ ባዶው ቀለህ አቅጣጫ ሳይጠብቅ ይወረወራል፣ አንዳንዴም መውጫው ላይ ይቀረቀራል። በተገላቢጦሽ ከ9×19 ወደ .40 መሄድ ግን ጨርሶ አይሆንም፤ ሰፊው ግርጌ ጠባቡ ስላይድ ፊት ላይ ቦታ የለውም።

ተራ የ9×19 በርሜልም አይበቃም፤ የውጭ ውፍረቱ ስለሚያንስ ስላይዱ ውስጥ ይወዛወዛል። ውጩ በ.40 ልክ፣ ውስጡ በ9×19 ልክ የተሠራ የልወጣ በርሜል ነው የሚያስፈልገው። «የ.40 ካዝና (የጥይት መያዣ) ይበቃል» የሚሉትን በፍጹም አልቀበልም፤ ከንፈሩ ሰፊ ስለሆነ ጥይቱን አስተካክሎ አይዝም። ካዝናውም የ9×19 ይሁን።

ከሁሉ የወደድኩት .357 ሲግ የተባለውን ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ይህ ጥይት የ.40ን የግርጌ ልክ ይዞ የቀለሁ አንገት የጠበበ ነው፤ ስለዚህ ያው ስላይድና ያው ካዝና ይቆያሉ፣ የሚቀየረው በርሜሉ ብቻ ነው። ግፊቱ ግን ከ2250 ወደ 3050 ባር ስለሚያድግ ስፕሪንጉ ቶሎ ይደክማል፣ ርግጫውም ይበረታል።

የሶቪየቱ ቶካሬቭ ሽጉጥ ጥይት የ7.62×25 ግርጌም ከ9×19 ጋር ስለሚቀራረብ ሀንጋሪ ለግብፅ ቶካጂፕት 58 የተባለውን ሽጉጥ በ9×19 ሠርታለች።

ወደ .22 (ትንሹ ጥይት) መለወጥ ገና ይቀረኛል። እዚያ በርሜል ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መርፌው የሚመታው የግርጌውን ጠርዝ ነው፣ ደካማው ርግጫም ከባዱን ስላይድ ወደ ኋላ አይገፋውም። ስላይዱም አብሮ መቀየር አለበት።