ጣና ላይ በጄት ስኪ ለመውጣት ጠዋቱ ይሻላል

ዛሬ ባሕር ዳር ውሃው እስከ ረፋድ እንደ መስታወት ነበር፤ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ግን ሌላ ሐይቅ ሆነ። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋስ አጭርና ተደጋጋሚ ሞገድ ያስነሳበታል። በፍጥነት ሲኬድ ወገብ የሚመታው እሱ ነው።

ጄት ጀልባም ሆነ እንደ ሞተር ሳይክል የሚጋለበው ጄት ስኪ ከሥሩ የወጣ ፕሮፔለር የለውም። ውሃውን ከሆዱ በወንፊት ስቦ፣ በኢምፔለር (ውስጡ በሚሽከረከር ምላጭ) ገፍቶ፣ ከኋላ በጠባብ አፍ ይተፋዋል። መሪው የሚያዞረው ያንኑ አፍ ነው። ስለዚህ (ይህችን ያዙልኝ) ፊት ለፊት ታንኳ ሲመጣ ደንግጦ የነዳጁን እጀታ መልቀቅ አደጋ ነው፤ ግፊት ከሌለ መሪ የለም። ነዳጅ እየሰጡ ቀድሞ መዞር ነው።

እምቦጭ ወንፊቱን ሲደፍነው ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን ይወርዳል። ያኔ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የማቆሚያ ገመዱን ነቅሎ፣ ከዚያ ነው አረሙን ማውጣት። እጅ ቀድሞ እንዳይገባ!

ገመዱ በጉዞ ላይ ከሕይወት አድን ጃኬቱ ጋር ይታሰር፤ ሰው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው እሱ ነው።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለና ፍጥነት ይቀነስ። የደንገል ታንኳ አጠገብም እንደዚሁ፣ የምናስነሳው ሞገድ ሊገለብጣት ይችላል።